በረዶ ላይ ማውንቴን ባይክ መንዳት፦ ከጎማ ነፋስ እስከ ደረቅ ካልሲ

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ብስክሌቱን ሰቅዬ ሙቀቱ እስኪመለስ ልጠብቅ ወይስ መንዳት ይቻላል?» ይቻላል። ትንሽ የሰሜን ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ የጫካ መንገድ ከደጁ የሚጀምርለት ሰው እንዲያውም ዕድለኛ ነው። ረግረጉ ይጠነክራል። ትንኙ ይጠፋል። በሞቃቱ ወራት በእግር እንኳ የማይገባበት ቦታ መንገድ ይሆናል።

አነዳዱ ግን ሌላ ነው። ጀማሪን ከመንገድ የሚመልሰው ብርዱ ራሱ አይደለም፤ ላብና ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መመሪያው ከዜሮ እስከ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላለ ቅዝቃዜ ነው። ከዚያ የባሰ ቀን ለጀማሪ አይሆንም፤ ቤት ዋሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለብስክሌቱ፦

- ማውንቴን ባይክ። ወፍራም ጎማ ያለው (ፋት ባይክ) ከሆነ እሰየው። ከሌላችሁ ቀድማችሁ አትግዙ፤ መንገዱ በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ ያላችሁ ይበቃል።
- ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ የነፋስ መለኪያ። ዲጂታሉ ይመረጣል።
- የእጅ ፓምፕና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ
- የብሩጎላ ስብስብ፣ የጎማ መፈልቀቂያ፣ የሰንሰለት መፍቻና ማያያዣ
- ጥቂት ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ በፓምፑ ላይ የተጠቀለለ ጠንካራ ፕላስተር
- ሁለት የፊት መብራት፣ አንድ ቀይ የኋላ መብራት

ለሰውነት፦

- ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ስስ የውስጥ ልብስ
- ስስ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት
- ለእረፍት ብቻ የሚለበስ ወፍራም ጃኬት። ይህ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል።
- ሰፋ ያለ የበረዶ ቦት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ ትርፍ ደረቅ ካልሲ
- የአንገት መሸፈኛ፣ ከሄልሜት ሥር የሚገባ ስስ ኮፍያ፣ መነጽር

ለክፉ ቀን፦

- እሳት መጫሪያ በውሃ መከላከያ ከረጢት፣ የሚያብረቀርቅ የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ
- መቀመጫ የምታህል ቁራጭ ስፖንጅ። ቀልድ ትመስላለች፤ በረዶ ላይ ቆሞ ጎማ የቀየረ ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል።
- ስልክ። የስልክ ኔትወርክ የሌለበት አካባቢ ከሆነ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ።

1. ብስክሌቱን ለብርድ አዘጋጁ

ዘይትና ግሪስ በቅዝቃዜ ይወፍራሉ። ብስክሌቱ ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

መጀመሪያ የኋላ ሞዞውን፣ ማለትም የኋላ ቸርኬውን መሐል፣ ተመልከቱ። ውስጡ ፔዳል ስትረግጡ የሚነክሱ፣ ስትተዉት የሚለቁ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ግሪሱ ሲወፍር ጥርሶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ያኔ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ ብስክሌቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከወቅቱ በፊት ሞዞውን አስከፍታችሁ ወፍራሙን ግሪስ በማጽዳት ለቅዝቃዜ በሚሆን ቀጭን ቅባት ተኩት። ከዝግጅቱ ሁሉ አንድ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ሌላው ብልሽት ያዘገያችኋል፤ ይህ ግን በእግር ያስመልሳችኋል።

የፍሬኑን ነገር ደግሞ እንይ። የዘይት ፍሬን ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ይጠቀማል፦ ማዕድን ዘይት ወይም ዶት። ማዕድን ዘይቱ በብርድ ጊዜ እየወፈረ የፍሬኑ እጀታ ቀስ ብሎ እንዲመለስ ያደርጋል። ዶት ቅዝቃዜን በተሻለ ይችላል። ታዲያ ዶት ይሻላል ብላችሁ በማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ እንዳትሞሉ። ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ፍሬኑም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የትኛውን እንደሚወስድ እጀታው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል።

አሞርዛተሩ ይደርቃል፤ የምትችሉ ከሆነ ቆልፉት። በቁልፍ የሚወርድና የሚወጣ የኮርቻ ዘንግ ካላችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በሚመቻችሁ ከፍታ ላይ ተዉት። ሰንሰለቱን በቀጭን ዘይት ቅቡ፤ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

ፔዳሉ ጠፍጣፋና ሰፊ፣ ጥርስ ያለው ይሁን። ጫማ ከፔዳል ጋር የሚቆለፍበት ዓይነት እዚህ አይመከርም። ከጫማው ሥር ያለው ብረት ሙቀት ከእግር እየመጠጠ ያወጣል፤ ቀዳዳውም በበረዶ ይደፈናል። ደግሞም እግር ቶሎ መሬት መንካት አለበት።

2. ጎማ ምረጡ

ሦስት ዓይነት መሬት አለ እንበል። በበረዶ ሞተር ወይም በእግር የተጠቀጠቀ መንገድ፣ ለስላሳ አዲስ በረዶ፣ እና ግግር (ውሃ ረግቶ የጠነከረው፣ የሚያንሸራትተው)።

ለተጠቀጠቀው ከ2.2 እስከ 2.6 ኢንች የሆነው የተለመደው ጎማ ይሠራል። ለለስላሳው ከ3.8 እስከ 5 ኢንች የሆነው ወፍራም ጎማ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክብደታችሁ በሰፊ ቦታ ላይ ሲከፋፈል ጎማው አይሰምጥም።

ለግግር ስፋት ምንም አይጠቅምም። እዚያ የሚይዘው የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ብቻ ነው። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ፊት ላይ ግጠሙት። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የፊቱ ከሄደ ግን ማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም፤ ወዲያው መሬት ነው። አዲስ ጎማ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ በቀስታ ንዱ፤ አትስፈንጠሩ፣ ፍሬን በኃይል አትያዙ። ጥርሶቹ ጎማው ውስጥ በደንብ የሚቀመጡት እንዲህ ሲሆን ነው፤ ካለበለዚያ እየረገፉ ያልቃሉ።

3. ነፋሱን ቀንሱ፣ ከዚያም እንደገና ቀንሱ

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መነሻ ቁጥሮች እነሆ (ፒኤስአይ የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ነጂ፦

- ወፍራም ጎማ፣ የተጠቀጠቀ መንገድ፦ ከ7 እስከ 10 ፒኤስአይ
- ወፍራም ጎማ፣ ለስላሳ በረዶ፦ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ
- የተለመደ ማውንቴን ባይክ ጎማ፣ የተጠቀጠቀ መንገድ፦ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ

ከበድ ካላችሁ ትንሽ ጨምሩ፤ ቀለል ካላችሁ ቀንሱ። ቁጥሮቹ በጣም ዝቅ ያሉ ይመስላሉ፤ ስህተት አይደለም። ጎማው መተኛት አለበት። ሲተኛ ነው ከበረዶው ጋር በሰፊው የሚገናኘው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 8 ፒኤስአይ የሞላችሁት ወፍራም ጎማ ውጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ከ6 ፒኤስአይ በታች ይሆናል። አንድም ትንፋሽ ሳያመልጥ ማለት ነው። በ30 ፒኤስአይ ጎማ ላይ የ2 ፒኤስአይ ልዩነት አይታወቅም፤ በ8 ላይ ግን ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ ነፋሱን ውጭ ለኩ። ብስክሌቱን አውጡት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አስተካክሉ።

በቁም ፓምፕ ላይ ያለውን መለኪያ አትመኑ። እስከ 100 ወይም 160 ፒኤስአይ እንዲያነብ የተሠራ መርፌ 5ን ከ8 አይለይም።

መለኪያ ከሌላችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡና ሰው ከጎን ይመልከት። የጎማው ጎን በትንሹ ከተሸበሸበ ለለስላሳ በረዶ ደርሷል። ጭራሽ ካልተሸበሸበ ለተጠቀጠቀ መንገድ ጥሩ ነው። ቸርኬው መሬት ሊነካ ከደረሰ አልፋችኋል።

መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው ራሱ ይናገራል። የኋላው ባዶውን የሚሽከረከር፣ የፊቱ በረዶውን የሚቆፍር ከሆነ ነፋሱ በዝቷል፤ ቆማችሁ ለሁለት ሦስት ሰከንድ አስተንፍሱ። መሪው በራሱ ወደ ጎን ከጎተታችሁ ወይም ቸርኬው ድንጋይና ሥር ሲመታ ከተሰማችሁ አንሷል፤ ጥቂት ንፉ። በአንድ ጉዞ ሁለቴ ሦስቴ ማስተካከል የተለመደ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከቦርሳው ሥር ሳይሆን እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ይሁን።

ያለ ውስጥ ጎማ (ቲዩብለስ) የምትነዱ ከሆነ የማሸጊያ ፈሳሹ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሠራ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። የረጋ ፈሳሽ ቀዳዳ አይደፍንም።

4. ላብ እንዳይነካችሁ ልበሱ

አንድ ሕግ ያዙ፦ ከቤት ስትወጡ መብረድ አለባችሁ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ደስ የማይል ብርድ ከተሰማችሁ ልብሳችሁ ልክ ነው። በር ላይ የሞቃችሁ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትጠመቃላችሁ።

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? እርጥብ ልብስ ሙቀትን ከሰውነት በፍጥነት ያወጣል። እየነዳችሁ ሳለ አይታወቃችሁም፤ ጡንቻ ያሞቃችኋል። ሰንሰለት ተበጥሶ ስትቆሙ ግን ያ ላብ በረዶ ይሆናል። ጥጥ እዚህ ላይ የከፋ ነው፤ ውሃ ይዞ አይለቅም። ከውስጥ ሱሪ እስከ ካልሲ ጥጥ የሚባል ነገር አይኑር። ጂንስማ ጭራሽ አይታሰብም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ሀ) ቆዳ ላይ ስስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር። ላቡን ከቆዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ለ) በላዩ ስስ ሹራብ። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ላያስፈልግ ይችላል።

ሐ) ከላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ነገር ግን የሚተነፍስ ጃኬት። የብብት ዚፕ ቢኖረው ጥሩ። ፕላስቲክ የመሰለ የዝናብ ልብስ ከውስጥ ያረጥባችኋል።

ዚፑን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ክፈቱ እንጂ ካላባችሁ በኋላ አይደለም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ዝጉ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 18 ያህል ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ይህም ይብሳል።

ወፍራሙን ጃኬት ከቦርሳ የምታወጡት ስትቆሙ ነው። «ትንሽ ልረፍና ከበረደኝ እለብሳለሁ» አይሠራም። መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ስትነሱ ደግሞ ቢያሳሳም አውልቁት።

5. እጅ፣ እግር፣ ፊት

ለእጅ የሚሻለው መሪው ላይ የሚታሰር ትልቅ የእጅ መሸፈኛ ነው። ከውስጡ ስስ ጓንት ታደርጋላችሁ፤ ፍሬንና ማርሽ በደንብ ይሰማችኋል። ከሌላችሁ ሁለት ጣት በአንድነት የሚገባበት ጓንት አምስት ጣት ካለው ይሻላል፤ ጣት ከጣት ይሞቃቃል። የብረት የፍሬን እጀታን በፕላስተር ጠቅልሉት።

ለእግር ቦቱ ከተለመደው ቁጥራችሁ አንድ ከፍ ይበል። ጣት መንቀሳቀስ አለበት። በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ መደረብ ደም ስለሚያግድ ከአንድ ካልሲ የባሰ ያቀዘቅዛል። ቆፈን ከጀመራችሁ ውረዱና ብስክሌቱን እየገፋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል በፍጥነት ተራመዱ። ስትነዱ የእግር ጣት አይንቀሳቀስም፤ ስትራመዱ ግን ደም ይወርዳል።

የአንገት መሸፈኛውን አፍ ላይ አድርጋችሁ ብዙ አትተንፍሱበት። ትንፋሽ ያረጥበዋል፣ ከዚያም ይደርቅና እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ጉንጭና አፍንጫ ሲበርድ ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ አድርጉት።

6. ውሃና ባትሪ

ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚረጋው። ስለዚህ ኮዳውን ለብ ባለ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ወደ ታች ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ልትጠጡ ስትገለብጡት ክዳኑ ጋ ያለው ገና ውሃ ነው። ከጀርባ ቦርሳ በቱቦ የምትጠጡ ከሆነ ከጠጣችሁ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን በአፋችሁ ወደ ኋላ ንፉት።

ስልክ በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ። ቅዝቃዜ የሊትየም ባትሪን አቅም ይቀንሳል፤ 40 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ብርድ ላይ በድንገት ሊጠፋ ይችላል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ካላችሁ ባትሪው እስክትወጡ ቤት ይቆይ። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን የሊትየም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ።

7. መንገዱንና ሰዓቱን ምረጡ

በረዶ በጣለ ማግስት አትሩጡ። መንገዱ ከተጠቀጠቀ በኋላ ብርድ ሌሊት ማደር አለበት፤ ያኔ ይጠነክራል። ጠዋት ጥሩ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ከሰዓት በኋላ ይለሰልሳል።

መለኪያው ይህ ነው፦ ከኋላችሁ የሚቀረው የጎማ ዱካ ጥልቀት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መንገዱ ዝግጁ አይደለም። ዱካው ሌሊት እንደ ሐዲድ ሆኖ ይረጋል። ነገ የሚመጣው ሁሉ እሱ ውስጥ እየገባ ይወድቃል። ለበረዶ ሸርተቴ የተሠሩ ሁለቱ ጎድጓዳ መስመሮች ላይ ደግሞ በፍጹም አትንዱ። በትንሽ ከተማ መንገዱን የሚጠቀጥቁት ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ጎረቤቶች ናቸው፤ ማን እንዳበላሸውም ወዲያው ይታወቃል።

ቀኑ አጭር መሆኑን አትርሱ። በሰሜን 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ከ6 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀን ብትወጡም መብራት ያዙ፤ አንዱን መሪው ላይ፣ አንዱን ሄልሜት ላይ።

ርቀቱን በብስክሌት ፍጥነት አታስቡ። «ብስክሌቱ ቢሰበር ከዚህ በእግር መመለስ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብስክሌት እየገፉ በረዶ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር መሄድ ራሱ ጉብዝና ነው። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ከቤት ብዙ በማይርቅ ዙሪያ መንገድ ላይ አድርጉ።

ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ሦስት ነገር ንገሩ፦ በየት እንደምትሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ ስንት ሰዓት ካለፈ ፍለጋ መጀመር እንዳለበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያለሱ ግን ሰውዬው መቼ መደንገጥ እንዳለበት አያውቅም።

8. አነዳድ

ቀላል ማርሽ አስገቡ። ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ ክብደታችሁ የኋላ ጎማው ላይ ይሁን። ፔዳሉን በእኩል ኃይል አዙሩት እንጂ አትርገጡት። ቆማችሁ ከረገጣችሁ የኋላው ጎማ ባዶውን ይዞራል።

ዓይን ሩቅ ይይ። የፊት ጎማውን የሚያይ ሰው ወደ ለስላሳው ጠርዝ ይገባል። እጅ ይላላ፤ ጎማው ትንሽ ይዋኛል፣ ተዉት።

ግግር ላይ ስትደርሱ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ላዩ ላይ ፍሬን የለም፣ መታጠፍ የለም፣ ፔዳል መምታት የለም። በቀጥታ ተንሸራታችሁ እለፉ። መቆም ግዴታ ከሆነ የኋላውን ፍሬን ብቻ በቀስታ።

በረዶው ሲሰምጥና ልብ ሲመታ ታግላችሁ አትቀጥሉ። ውረዱና ግፉ። መግፋት ሽንፈት አይደለም፤ መታገል ያስልባል፤ ላብ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይተናል።

9. መንገዱ ላይ ከማን ጋር ትገናኛላችሁ

የበረዶ ሞተር ድምፅ ስትሰሙ ወደ ዳር ወጥታችሁ ቁሙ፤ ነጂው እናንተን አይሰማም። የጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር። በውሾች የሚጎተት ተንሸራታች ሲመጣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን ይዛችሁ በአንድ ወገን ዝም ብላችሁ ቁሙ። ውሾቹ ሲሮጡ ቶሎ አይቆሙም።

ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ጥልቅ በረዶ ውስጥ መሄድ ስለሚያደክመው የተጠቀጠቀውን መንገድ ይወዳል። መንገዱን አይለቅም፤ እናንተ ልቀቁ። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣጠፈና የትከሻው ፀጉር ከቆመ ሊያጠቃ ነው፤ ብስክሌቱን ጥላችሁ ትልቅ ዛፍ በመካከል አድርጉ። ድቦች በከባዱ ብርድ አብዛኞቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ይንቀሳቀሳሉ። የድብ መከላከያ ስፕሬይ ከያዛችሁ ከጃኬት ሥር ይሁን፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚወርድ ሩቅ አይረጭም።

10. ጎማ ቢተነፍስ

ወፍራሙን ጃኬት ልበሱ። ስፖንጇ ላይ ቁሙ ወይም ተንበርከኩ። ትርፉን የውስጥ ጎማ ደረታችሁ ውስጥ ከታችሁ ጥቂት አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጎማ እንደ እንጨት ነው። በስስ ጓንት ሥሩ፤ ብረት በባዶ እጅ አትንኩ።

እዚያው ለመለጠፍ አትሞክሩ። ማጣበቂያው በብርድ አይደርቅም። ቀይሩ፣ የተቀደደውን ቤት ትለጥፉታላችሁ። ከመግጠማችሁ በፊት ግን የወጋው ነገር ጎማው ውስጥ እንዳልቀረ በጣት ዳስሱ። የጋዝ ካርትሪጅም አልመክርም። ጋዙ ሲለቀቅ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ቫልቩ በበረዶ ይያዛል፣ ጣትም ያቃጥላል። የእጅ ፓምፕ ያዘገያል፤ ግን አይከዳም፣ ደግሞ ያሞቃችኋል።

ሞዞው ቢከዳስ? በፕላስቲክ ማሰሪያ ትልቁን የኋላ ማርሽ ከቸርኬው ሽቦዎች ጋር በሦስት አራት ቦታ እሰሩት። ቸርኬውና ፔዳሉ አንድ ላይ ይዞራሉ። ከዚያ ፔዳል ማቆም አይቻልም፤ ካቆማችሁ ሰንሰለቱ ይጠላለፋል። በቀስታ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ እስከ ቤት ብቻ።

11. ከተመለሳችሁ በኋላ

በረዶውን አራግፋችሁ ብስክሌቱን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ተዉት። ሙቅ ቤት ካስገባችሁት በረዶው ይቀልጥና ውሃው ካቮውና ሞዞው ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ስታወጡት እዚያው ይረጋል፤ ማርሽም አይቀየርም። ማስገባት ግዴታ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታውጡት። ጨው የተበተነበት አስፋልት ላይ ነድታችሁ ከሆነ ሰንሰለቱን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቅቡ።

የቦቱን ውስጠኛ ሶል አውጥታችሁ ለየብቻ አድርቁ። እሳት ላይ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

*የበረዶ ቃጠሎ።* ቆዳው ነጭ ወይም ሰም የመሰለ ሆኖ ከደነዘዘ ጀምሯል። አትሹት፤ በበረዶ ማሸትማ ጭራሽ ነውር ነው። ላዩን ብቻ ከሆነ በሙቅ እጅ ወይም በብብት ያዙት። ጠንክሮ ከሆነ መንገድ ላይ አታቅልጡት፤ ቀልጦ እንደገና ከረጋ ጉዳቱ ይብሳል። ከብርድ ወጥታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

*የሰውነት ሙቀት መውረድ።* ጓደኛችሁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እጁ ዚፕ መሳብ ካቃተው ጉዞው አብቅቷል። ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ጋርዱት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ሙቅ ነገር ስጡት፣ እርዳታ ጥሩ። አልኮል የለም። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ እየዳነ ሳይሆን እየባሰበት ነው።

*ሐይቅና ወንዝ።* በእግር ለሚሄድ አንድ ሰው የሚሰጠው የተለመደ ዝቅተኛ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ግግር ነው። ነጩ፣ ደመና የመሰለው፣ የጥርቱን ግማሽ ያህል ብቻ ይሸከማል። ወንዝ ላይ ውፍረቱ በየእርምጃው ስለሚለያይ ቁጥሩ አይሠራም። የአካባቢው ሰው ምልክት አድርጎበት ከሚመላለስበት መስመር ውጭ አትውጡ። ከበረዶው ሥር ግራጫ ጭቃ የመሰለ ውሃ ካያችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ነፋስን ቤት ውስጥ ለክቶ መውጣት።
- «ብርድ ነው» ብሎ በር ላይ ሁሉንም ደርቦ መውጣት።
- የእረፍት ጃኬትን «ዛሬ አጭር ነው» ብሎ መተው። ብልሽት የጉዞውን ርዝመት አይጠይቅም።
- የብረት ጥርስ ያለውን ጎማ ከኋላ ብቻ መግጠም።
- ቁልቁለትን ከነፋስ ጋር ጀምሮ ዳገቱን ለመመለሻ መተው። ይልቅ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ግጠሙት፤ ስትደክሙና ስትረጥቡ ከጀርባ ይሁንላችሁ።
- ጎማ ሲሰምጥ ነፋስ ከማስተንፈስ ይልቅ ፔዳል ላይ መጨከን።